ከቃለ ጉባዔው የቀረ

እኔ ቃል ጸሐፊ ነኝ፣ የከዚራው አዳራሽ፣
የተባለን ከታቢ፣ የተረሳ አስታዋሽ።
አልጨምርም፣ አልቀንስም። ደመወዜ ለዚህ ነው።

ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀት ያማስላል፤
አጀንዳ ቁጥር አራት፣ «ረቂቅ ደንብ» ይላል፦

«አንቀጽ ሦስት። ማንኛውም የልብስ ማጠቢያ ማሽን
የብናኝ ክር ማጣሪያ ሳይገጠምለት
በከተማው ውስጥ አይሸጥም፤ ለንግድ አይሠራበትም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁን አልጻፍኩትም፤
ሳቅ በቃለ ጉባዔ ምልክት የለውም።

አቶ ሮብሌ ተነሡ፣ ሱሪያቸውን ሳብ አርገው፦
«ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚንጠባጠብለት ሰው
ስለ ክር ይወራል? ባሕር የለን፣ ዓሣ!
ደቻቱ አሸዋ ነው፤ በሉ እንሂድ ለምሳ።»

ጻፍኩት። ለምሳ የሚለውን ተውኩት።

ከታዛቢዎች ወንበር፣ ከበሩ ጎን ካለው፣
ፈትሒያ ብድግ አለች፤ ሦስት ማሽን ያላት ሰው፣
መጋላ፣ ከቀፊራ ገበያ ወረድ ብሎ፣
ቱቦዋ አፉን ደቻቱ አሸዋ ላይ ጥሎ።
ከዘንቢሏ ብልቃጥ፣ የማር ነበር ድሮ፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ በውስጡ ተወጥሮ
ግራጫ ነገር አለ፤ ድመት የተፋው ይመስላል፤
ጠጉር ነው ሲሉት ጥጥ፣ ጥጥ ነው ሲሉት ጉም ይሆናል።

«ሠላሳ ቀን ነው» አለች፤ «በቱቦው አፍ ላይ
ካልሲ አሰርኩበት፣ ምን እንደሚያመልጥ ላይ።
ይኸው ያመለጠው። ቀዩ የሙሽሮች ድሪዕ ነበረ፤
አረንጓዴው የታይዋን ብርድ ልብስ፣ በመጀመሪያ እጥበቱ መርገፍ የጀመረ፤
ይቺ ሰማያዊዋ…» ወደ አቶ ሮብሌ ዞረች፤
«ያቺው የሳቧት ሱሪ ናት፤ ሐሙስ ነው የታጠበች።»

ጸጥታ። ማራገቢያው ብቻ።

«ባሕር የለንም አሉ። እውነት ነው፣ የለንም።
ደቻቱ ሺኒሌ ሳያልፍ ይሰምጣል፤ ጂቡቲ አይደርስም።
ታዲያ አሸዋው ሲጠጣው፣ ወዴት ነው የሚያወርደው?
ሳቢያን ጉድጓድ ቆፍረን ከሥር የምንቀዳው ምንድነው?
የኛም ባሕር አለ፣ ከእግራችን ሥር ተኝቷል፤
ዓሣዎቹም እኛው ነን። ማን ሌላ ይጠጣዋል?»

«ታዲያ አንቺ ማጣራት ከጀመርሽ፣ ደንቡ ለምን?» አሏት።
ይህን ጊዜ ነው ድምጿ ትንሽ የተሰበረባት።
«ካልሲው ሲደፈን ማሽኔ ያቃስታል፤
በቀን ሦስቴ ስፈታው ደንበኛዬ ይሄዳል።
ረምላ ጎረቤቴ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣
አሥር ብር ታረክሳለች፤ እሷ አታጣራም።
እኔ ብቻዬን ካጠርኩት፣ ወይ እዘጋለሁ ወይ እፈታዋለሁ።
በሁላችን ላይ ይሁን በሉ። ለዚህ ነው የመጣሁ።»

እጄ ቆመ። ይህ እንግዲህ የኔ ሐሳብ ነው፣ ማንም አልተናገረውም፦
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል ነው ያደግነው፤
ይህ ግን የማያብር ድር ነው፤ በየፊናው የሚያመልጠው፤
አንበሳ አያስርም፤ ያልፋል በአንበሳው ጉሮሮ፣
ሲጠማው ከሚጠጣው ከውሃው ጋር አብሮ።

ሰብሳቢዋ ሰዓት አዩ።
«ማጣሪያ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ተመሳሳይ መሣሪያ» ይግባ ተባለ።
የእፎይታ ጊዜው አንድ ዓመት፣ አይ ሁለት ይሁን ተባለ።
ለሚቀጥለው ጉባዔ ተላለፈ።
አቶ ሮብሌ ሲወጡ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አራገፉ፤
ምንም አልነበረበትም። ደግመው አራገፉ።

ማታ ግልባጩን አየሁት፤ ጻፍኩ ያልኩት ይህን ያህል፦
«አንዲት ነዋሪ አስተያየት ሰጥተዋል።»
አራት ቃል።

ብልቃጡን ረስታዋለች፣ ወይ ትታዋለች፣ ከማኅተሙ አጠገብ።
ክዳኑን ልከፍት ብዬ ማራገቢያውን አየሁና ተውኩት።
የሸሚዜ እጅጌ ጫፍ ተፈትሏል፤ አንዷን ክር መዘዝኩ፤
ወዴት እንደምጥላት አጣሁና ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ፣ አልጨምርም ያልኩት ሰውዬ፣
ከገጹ ግርጌ በእርሳስ፦ «አባሪ አንድ፣ ብልቃጥ»፤
ከወረቀቶቹ መሐል አጋድሜ አስገባሁት፤
ፋይሉ አልዘጋ አለ።